ክርክር፦ የኢኮኖሚክስ መምህር የመንግሥት አማካሪ ይሁን?

ጥያቄውን ያነሳው፦
የቦሌ አራብሳ ጎረቤቶች፣ እድሩ ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥል። ዕድሜውን በጥናት ያሳለፈ የኢኮኖሚክስ ምሁር መንግሥት "ና ምከረኝ" ሲለው ይሂድ ወይስ ዩኒቨርሲቲው ይቆይ?

እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። ምሳሌዬ ስቴፋን ደርኮን ናቸው። ቤልጂየማዊ ናቸው፤ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከኛ ምሁራን ጋር ሆነው በ15 የገበሬ ማኅበራት ከ1,400 በላይ ቤተሰቦችን ለዓመታት እየተመላለሱ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 የብሪታኒያ የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ዋና ኢኮኖሚስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቿ አማካሪ።

ያጠኑት የኛኑ ኑሮ ነው። እድርን አጥንተዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ለምን እንደሚፈራም አጥንተዋል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ዝናብ ከቀረ ምርቱ ይቀራል፣ የማዳበሪያው ወጪ ግን አይቀርም። መጠባበቂያ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም። ይህን የሚያውቅ ሰው በጀት ሲመደብ አጠገብ ቢኖር ምን ክፋት አለው?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ምሁሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። የምፈራው ወንበሩን ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሰው ለመስደብ አይደለም፣ ደሞዙ ከየት እንደሚመጣ ለማስታወስ ነው።

ያልከውን ጊዜ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ብሪታኒያ የልማት መሥሪያ ቤቱን ከውጭ ጉዳይ ጋር ቀላቀለችው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 እንደምታወርድ አስታወቀች። አማካሪው ያኔ ምን ብሎ መከረ? ተቃወመ? ዝም አለ? በር ተዘግቶ የተነገረን ነገር አንተም እኔም መመዘን አንችልም። ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ሲሳሳት ባልደረባው በጽሑፍ ይሞግተዋል። አማካሪን ማን ይሞግተዋል?

ባለሱቋ፦
መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዩኒቨርሲቲውስ መቼ ነፃ ነበር? በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲባረሩ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

እኔ የማውቀው ሱቄን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዘይት በስንት ልሽጥ? በስንትስ ልተካው? ያኔ ይህ በተወሰነበት ቤት ውስጥ ባለሱቅ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው በኖረ ብዬ ተመኝቻለሁ። ውጭ ሆኖ ጥሩ ጽሑፍ የሚጽፍ ለኔ ምን ያደርግልኛል?

ጡረተኛው መምህር፦
የ1985ቱ እውነት ነው። ግን የተባረሩት ስለተናገሩ አይደል? አማካሪ ቢሆኑ መናገራቸውንም አንሰማም ነበር።

የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው፦
ስለ ፋብሪካ ሥራ ያጠኑት የለም? እዚሁ ከተማው ዳር አንድ ስፌት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም ነበር። አብረውኝ የገቡት አብዛኞቹ ዓመት አልቆዩም። ከላይ ግን ሁሌ የሚወራው "የሥራ ዕድል ተፈጠረ" ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦
እህቴ፣ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር እሱ ነው። ደርኮን ከኢኮኖሚስቱ ክሪስ ብላትማን ጋር ሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ፋብሪካዎች ጥናት አካሄዱ። ለሥራ ያመለከቱ ከ900 በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ልክ እኛ ቤት እንደደረሰን። ለአንዱ ወገን የፋብሪካው ሥራ ደረሰው። ለሌላው ወደ 300 ዶላር ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ፋብሪካ የገቡት ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ አላገኙም። ከ4ቱ 3ቱ ገደማ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። ከባድ የጤና ችግርም በእነሱ ላይ ጨምሮ ታየ። ገንዘቡን የወሰዱት በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ከ5 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ይህንንም አልደበቁትም።

ጋሼ፣ ልብ ይበሉ። ደርኮን የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ የብሪታኒያ መንግሥት ኢኮኖሚስት ነበሩ። ዕርዳታ ሰጪውም ተቀባዩም ፋብሪካ ፋብሪካ በሚሉበት ጊዜ ነው። ወንበሩ አፋቸውን አልዘጋውም።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥሩ። ግን እሳቸው ኦክስፎርድ ቦታቸው ይጠብቃቸዋል። ከወንበሩ ቢነሱ ከነክብራቸው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። የኛ ሰው ከተነሳ የት ይሄዳል? ደሞዙም፣ ቤቱም፣ መኪናውም አብረው ይሄዳሉ። ድፍረት የሚመጣው መመለሻ ካለ ነው።

ደግሞ የኛን ታሪክ እይ። አቶ ነዋይ ገብረአብ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ የልማት ምርምር ኢንስቲትዩትንም የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ኢንስቲትዩቱ ብዙ ጥናት አውጥቷል፣ አልክድም። ግን መካሪና መዛኝ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ለኔ ልክ አይደለም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
በመመለሻው እስማማለሁ። ስለዚህ መመለሻውን እናብጅለት ነው የምለው። ሲሾም የማስተማር ቦታው ይጠበቅለት፤ ጥናቱን የማሳተም መብቱም በውሉ ይጻፍ። አቅም ያለው ሰው አለን እኮ። መንገድና የግብርና ባለሙያ ድህነትን ምን ያህል እንደቀነሱ ከደርኮን ጋር ካጠኑት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጣሰው ወልደሃና ናቸው። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ብቻውን ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል። የግብርና ባለሙያ መምጣቱ ደግሞ በ9.8። ይህን የመሰለ እውቀት መደርደሪያ ላይ ሲቀር ያንገበግበኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ያልከው በውሉ ከተጻፈ ይሂድ። ካልተጻፈ አይሂድ። ከዚህ አልወርድም።

የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው፦
ያ የፋብሪካው ጥናት በአማርኛ አለ? ለጓደኞቼ ላነብላቸው ፈልጌ ነው።

ባለሱቋ፦
እሱም በውሉ ይግባ በሉ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይውጣ። የተጠየቁት ሰዎች አንብበው "ልክ ነው" ወይም "ይሄ እኛን አይመለከትም" ይበሉ። መምህር፣ አማካሪን ማን ይሞግተዋል ብለው ነበር። እኛ እንሞግተዋለን፤ የጻፈው ይድረሰን ብቻ።