ቦንፋየር ናይትን ለ3ኛ ክፍል እንዴት ላስተምር? (ደሴ)

ቲቸር_ሆጤ
ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ሃሳብ ስጡኝ። ደሴ ነው የማስተምረው፣ 3ኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ 54 ልጅ። የዚህ ሳምንት ምንባብ እንግሊዞች ቦንፋየር ናይት የሚሉት በዓል ነው፣ ኖቬምበር 5፣ በኛ ጥቅምት 26 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ደመራን የማያውቅ ልጅ የለ ምን ይከብዳል ብዬ ዘው አልኩበት፣ እሳት አለ፣ ርችት አለ፣ ሰው በብርድ ተሰብስቦ ይሞቃል፣ ልጆቹም ጆሯቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ከዛ ገጹን ስገልጠው እሳቱ አናት ላይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። አሻንጉሊት ነው እኮ፣ አሮጌ ልብስ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀው የሚሠሩት፣ ስዕሉ ላይ ግን ቁጭ ሰው ነው የሚመስለው። ፊት የምትቀመጠው ልጅ «ቲቸር ሰውዬውን ለምንድነው የሚያቃጥሉት?» አለችኝ። ባሩድ ስለደበቀ አልኩ። «ለምን ደበቀ?» ንጉሡን ሊገድል። «ለምን?» በሃይማኖት ተጣልተው ልል ስል አፌ ላይ ያዝኩት። ክፍሌ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው ሚቀመጡት፣ አንድ ምሳ ዕቃ ነው ሚበሉት፣ እኔ ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ ያለ ነገር የማመጣባቸው። ልጅቷም ፊቷ ተቀያየረ። ደወሉ አወጣኝ እንጂ... ነገ ድጋሚ እገባለሁ፣ ምን ልበላቸው?

የጦሳ_ልጅ
አብሽሪ እህቴ። ታሪኩን አትዝለዪው ግን አሳጥሪው። በፈረንጅ 1605 ነው፣ በንጉሥ ጄምስ ጊዜ ካቶሊኮች በእምነታቸው ስለሚጨቆኑ ጥቂቶቹ ተማክረው ፓርላማው ስር ምድር ቤት 36 በርሜል ባሩድ አስቀመጡ። መሪው ሮበርት ኬትስቢ የሚባል ነበር፣ ጋይ ፎክስ ባሩዱን ጠባቂ ነው፣ ግን እጅ ከፍንጅ የተያዘው እሱ ስለሆነ ስሙ እሱ ላይ ቀረ። የተነቃባቸውም ለአንድ ሎርድ «ያን ቀን ፓርላማ አትሂድ» የሚል ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሶት ነው። ሕዝቡ ንጉሡ ተረፈ ብሎ እሳት ለኮሰ፣ ከዛ በየዓመቱ ይከበር ተብሎ ሕግ ወጣ፣ ሕጉ 1859 ላይ ተሽሯል፣ እሳቱ ግን ቀረ። ላንቺ ልጆች «ባሩድ ደበቁ፣ ተያዙ፣ ንጉሡ ተረፈ» ይበቃል፣ ሦስቱም ያለፈ ጊዜ ግስ ነው፣ ሰዋስውም ወጣልሽ።
ለዛች ልጅ ደግሞ ይሄን ንገሪያት፣ ጋይ ፎክስ የተማረበት ትምህርት ቤት ዮርክ ከተማ ውስጥ እስከዛሬ አለ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ይባላል፣ እነሱ የኛ ተማሪ ነበር ብለው አሻንጉሊቱን አያቃጥሉም።
ሆያ ሆዬን የሚመስልም አላቸው እኮ! ድሮ ልጆቹ አሻንጉሊቱን በጋሪ እየገፉ ላላፊ አግዳሚው «ለጋይ አንድ ፔኒ» ይሉ ነበር። እሱን አጫውቻቸው፣ ፕሊስና ታንክዩ ይለምዱበታል።

ቧንቧ_ውሃ
ይቅርታ ግን የደሴ ልጅ የእንግሊዝ ንጉሥ ተረፈ አልተረፈ ምን አገባው? ደመራውን በእንግሊዝኛ ይናገር በቃ። የካቶሊክ ጣጣ ከተፈለገም እኛም ጋር ሱስንዮስ አለ፣ በዛው ዘመን ነው፣ በፈረንጅ 1622 ካቶሊክ ነኝ ብሎ ስንት ደም ፈሶ 1632 ላይ ወደቀድሞው ተመለሰ። እሱንም ቢሆን ለ3ኛ ክፍል አላወራም።

ቲቸር_ሆጤ
ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ግን ፈተና የሚወጣው ከምንባቡ ነው 😅

ቦርከና_ማዶ
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ለነገ የጦሳ ልጅ ያለሽ ጥሩ ነው፣ ምርጫ ካለሽ ግን ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ፓንኬክ ዴይን አስተምሪ፣ የነሱ ቅበላ ማለት ነው። ጾሙ ሳይገባ ቤት ያለውን እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አሟጠው ይጋግሩታል፣ ሎሚና ስኳር ያደርጉበታል። የኛ ቅበላ እሁድ ውሎ ጾሙ ሰኞ ይገባል፣ የነሱ ማክሰኞ ውሎ ረቡዕ ይገባል። ሙስሊሞቹ ልጆችም ረመዳን ሲቃረብ እናታቸው ምን እንደምታዘጋጅ ሲያወሩ አፋቸው አይዘጋም፣ ማንም ባዳ አይሆንም።
ዋናው ሩጫው ነው። ኦልኒ በምትባል ከተማ ሴቶች ሽርጥ ታጥቀው ሻሽ አስረው መጥበሻ ይዘው 380 ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። ነገሩ በ1445 አንዲት ሴት እየጋገረች የቤተክርስቲያን ደወል ሰምታ ከነመጥበሻዋ ሮጣለች ተብሎ ነው። እኔ ሜዳ ላይ አሮጥኳቸው፣ ራን፣ ፍሊፕ፣ ካች፣ ስቶፕ እያልኩ፣ ከጣለ ያነሳና ፒክ ኢት አፕ ይላል። ሙሉ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያልያዙትን ግስ በ20 ደቂቃ ያዙት።
አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ መጀመሪያ ቀን በብጣሽ እንጀራ አደረግኩት፣ እያገላበጡ ሲወረውሩት መሬት ወደቀ፣ በማግስቱ አንድ አያት በር ላይ ጠብቀው «አንቺ ልጅ፣ በእህል ታጫውቺያለሽ?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዛ ወዲህ ካርቶን በክብ ቆርጬ ነው፣ ለመጥበሻ ደግሞ የላስቲክ ሰሃን ይበቃል።

ቲቸር_ሆጤ
ውይ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ዛሬ ገብቼ ነበር፣ ሦስቷን ዐረፍተ ነገር አልኩና የዮርኩን ትምህርት ቤት ነገርኳቸው፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺ ልጅ ትንሽ አሰበችና እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ስንተኛ ይወጣ ነበር?»