የቮልሴ ኮፈን ከታች አልገጥም አለ፤ ማጠፊያውን ላጣምመው?

ባለ64ቷ
ሰላም ናችሁ። ከአባቴ የወረስኳት የ1964 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ባለፈው እየነዳሁ ኮፈኗ ብድግ ብሎ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። መንገዱ ጠፋብኝ። በጎን መስኮት አንገቴን አውጥቼ እንደምንም ዳር ያዝኩ። መስታወቱ ተረፈ፤ ኮፈኑ ግን ወገቡ ላይ ታጠፈ።

«የቮልስ ነው» ተብዬ ያገለገለ ኮፈን ገዛሁ። ከላይ በማጠፊያው በኩል ልክክ አለ። ከታች ግን ላሜራው ጋ ሳይደርስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቡሎኖቹን አላልቼ ወደ ታች ስስበው ደግሞ ከላይ ተከፈተ። አጭር ብርድ ልብስ በሉት። ማጠፊያውን ላጣምመው ወይስ ከታች ላሜራ ይበየድበት? ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ እንዳትስቁብኝ።

የድሮ ባትላሜራ
ልጄ፣ ማጠፊያውን እንዳትነኪው! ቮልስ ላየው ሰው ዕድሜ ልኩን ያልተለወጠ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1967 ላይ ግን፣ የ68 ሞዴል ሲወጣ፣ ፊቱ ተቀይሯል። መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራፋንጎው ተለወጠ፣ ኮፈኑ አጠረ፣ ከስሩ ያለው ላሜራም በዚያው ልክ ከፍ አለ። አንቺ የገዛሽው አጭሩን ነው። 1302 እና 1303 የሚባሉት የቮልስ ሞዴሎች ኮፈን ደግሞ ሆዱ ነፋ ያለ ነው፤ እሱም አይሆንሽም። ሻጩ «የቮልስ» ሲልሽ «የስንት ዓመት?» በይው።

ረጅሙን ስታገኚ ገልብጠሽ እዪው። የታችኛው ከንፈር ውስጥ፣ ላሜራው ከውስጡ አጥንት ጋር በታጠፈበት ቦታ፣ ውሃ ይቋጠራል። መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ ላዩን አስኪጂው። የማይዝበት ቦታ ካለ ስቱኮ ነው።

ሮንዴላ
አሮጌውን ማቃናት አይቀልም? የፋብሪካው ላሜራ ወፍራም ነው።

የድሮ ባትላሜራ
ላዩ ይቃናል። የውስጡ አጥንት አንዴ ከተሰበረ ግን ኮፈኑ እንደተጣመመ ይቀራል። እኔ አልደክምበትም።

ባለ64ቷ
አመሰግናለሁ ጋሼ። ረጅሙን ካገኘሁ አገጣጠሙን ቢነግሩኝ? ብቻዬን እችለዋለሁ?

የድሮ ባትላሜራ
ብቻሽን አትችዪም፤ አንድ ሰው ጥሪ። ከዚያ በፊት ግን ያኛው ለምን እንደተነሳ እወቂ። ያንን ሳታውቂ አዲሱን ብትገጥሚ እሱም ይበራል። ካቦው በዝገት ተይዞ ቁልፉን ግማሽ ከፍቶ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋ መያዣ፣ ያቺ ጥፍር የምትመስለው፣ ተጣማም ይሆናል። ቁልፉ ቢለቅ እንኳን ኮፈኑን ይዛ ማስቀረት የነበረባት እሷ ነች።

ወደ አገጣጠሙ ስንመጣ፣ አሮጌውን ሳትፈቺ ማጠፊያው የተቀመጠበትን ቦታ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪው። መስታወቱ ስርና ፓራፋንጎዎቹ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፊ። ቡሎን ስትፈቺ ኮፈኑን የያዘው ሰው እንዳይለቅ፤ የማጠፊያው ሞላ ጉልበተኛ ነው፣ ጣት ይበላል። አዲሱን በላላ ቡሎን አንጠልጥዪና በቀስታ አውርጂው። ግራና ቀኝ ክፍተቱ እኩል እስኪሆን እያነሳሽ እያወረድሽ ትንሽ ትንሽ ግፊው። ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይግረምሽ። የዳሩን አዲስ ጎማ አስቀድመሽ ግጠሚ፤ ሳይለምድ ኮፈኑን ወደ ላይ ይገፋል። ያለ ጎማ ብትለኪ ልፋትሽ ከንቱ ነው።

የቁልፉን ምላስ፣ ኮፈኑ ላይ የሚታሰረውን ዘንግ፣ ሌላው ሳያልቅ እንዳትገጥሚው! ክፍተቱ እስኪስተካከል ኮፈኑ ያለ እሱ ይውረድ። ከዚያ ኮፈኑ ክፍት እንደሆነ ቁልፉን በካቻቢቴ ጫን በዪው፤ ሲይዝ ካቦውን ከውስጥ ሳቢ። ጠብ ብሎ ከለቀቀ ምላሱን መግጠም ትችያለሽ። ካልለቀቀ ግን እንዳትዘጊው። ባንቺ ሞዴል የቤንዚን መሙያው እዚያው ስር ነው፤ ከተቆለፈብሽ ቤንዚን እንኳን አትቀጂም። ከፍታው ካልተመቸሽ የምላሱን ዳዶ አላልተሽ በካቻቢቴ አዙሪው፤ ይረዝማል፣ ያጥራል።

ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። አልሳቅኩም።

ባለ64ቷ
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ረጅሙን አገኘሁ፤ መብራቱ ጋደል ካለ ከተፈታታ መኪና ላይ የወጣ ነው። ወንድሜ ያዘልኝ፣ እኔ በ13 ቁልፍ አሰርኩ። ሁለቴ ተጣልተናል። ያቺ ጥፍር በእርግጥም ተጣማ ነበር፤ ካቦውም ተስቦ አይመለስም ነበር፣ ቀየርኩት። አሁን በሁለት ጣት ጫን ስለው ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ቀኝ በኩል ክፍተቱ ትንሽ ይሰፋል፤ አባቴ ያዩት ነበር፣ ሌላ ሰው አያየውም።

ባለ68 ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ቮልስ ያለው ሰው ካለ፣ ኮፈን አለኝ። ቀለሙ አዲስ ነው።