በባዶ ሆድ ስኳሬ 112፣ የታይሮይድ ሆርሞኔም ተዛብቷል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ?

ጠያቂ፦ መምህርቷ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው፤ ዕድሜዬ 47 ነው። በሚያዝያ ሙቀት ሰው ሁሉ ላቡን ሲጠርግ እኔ ክፍል ውስጥ ጋቢ ደርቤ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ድካሙም በርትቶብኝ ስለነበር ልጄ በግድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 112 ሆነ፤ በሳምንቱ ሲደገም 115። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ 6.1 ነው። ቲኤስኤች የሚሉት ሆርሞን ደግሞ 6.2 ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ ካለው የ4.5 ወሰን አልፏል። ነጻ ታይሮክሲን የሚባለው ግን ደህና ነው ተባልሁ። ሐኪሙ ወረፋው በዝቶበት «ስኳሩ ጠርዝ ላይ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሽ» ብሎ ሸኘኝ።

እናቴ በስኳር እግሯን አጥታ ነው ያረፈችው፤ አንገቷ ላይም እንቅርት ነበረባት። ስለዚህ «ጠርዝ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሆርሞኑና ስኳሩ ይገናኛሉ? አንዲት ባልደረባዬ የምትወስደውን የታይሮይድ ክኒን እኔም ልጀምር?

መልስ 1፦ ከላብራቶሪ

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ላስረዳዎት። አሜሪካኖች በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያለውን ቅድመ ስኳር ይሉታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጀምረው ከ110 ነው። እርስዎ በሁለቱም ሚዛን ገብተዋል። 126 ሲደርስና ሲደገም ነው ስኳር በሽታ የሚባለው። ኤችቢኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው።

ቲኤስኤችን ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ያነበዋል። ይህ ሆርሞን የሚወጣው አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ እጢ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ነው። የአንገቱ እጢ ሲዳከም አንጎል «ሥራ!» እያለ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ቲኤስኤች ማለት ያ ጩኸት ነው። የእርስዎ አንጎል መጮህ ጀምሯል፣ እጢውም እየታዘዘ ነው፤ የአንገቱ እጢ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ማለትም ነጻ ታይሮክሲኑ፣ ደህና የሆነው ለዚህ ነው።

ሲደግሙ እዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው የጠዋት ሰዓት ይሁን። ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ያቁሙ፤ የሆርሞን ምርመራ ያሳስታል። የደም ማነስ ካለብዎትም ይንገሩ፤ የብረት እጥረት ኤችቢኤዋንሲን ያለ ስኳር ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

መልስ 2፦ ጤና መኮንን

አዎን፣ ይገናኛሉ። የታይሮይድ ሆርሞን ጡንቻና ጉበት ስኳርን እንዴት እንደሚይዙት ያዝዛል፤ ሲያንስ ጡንቻ የኢንሱሊንን ጥሪ በቸልታ ይሰማል። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ 8,452 ሰዎች በአማካይ ለስምንት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከመጀመሪያው ቅድመ ስኳር ከነበረባቸው መካከል፣ ነጻ ታይሮክሲናቸው በጤነኛው ወሰን ውስጥ ሆኖ ዝቅ ያለባቸው ወደ ስኳር የማለፍ ዕድላቸው 35 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከፍ ያለላቸው ግን 15 በመቶ ገደማ ነበር።

ይህን አንብበው ግን ወደ ፋርማሲ አይሩጡ። ተጠኚዎቹ በአማካይ 65 ዓመት የሞላቸው አውሮፓውያን ናቸው። ጥናቱም አብሮ መሄዳቸውን አሳየ እንጂ ክኒን መዋጥ ስኳርን እንደሚከላከል አላሳየም። ቲኤስኤች ከ10 በታች ሆኖ ታይሮክሲኑ ደህና ሲሆን፣ እርግዝና ወይም ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ መድገም ነው የተለመደው፤ ብዙዎች ላይ በራሱ ይወርዳል። የባልደረባዎ መጠን ለእርስዎ ከበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንትም ይበላል። «ተመለሽ» ያለዎት ሐኪም ቸኩሎ ይሆናል፣ ግን አልተሳሳተም። ሲመለሱ የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ፣ ማለትም ሰውነት የራሱን እጢ እያጠቃ መሆኑን የሚያሳየው፣ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት።

መልስ 3፦ ጥቁር አዝሙድ

መምህርት፣ ይህን ሁሉ ምርመራ ተዪው። ጥቁር አዝሙድ በጎጃም ነጭ ማር ለውሰሽ በየጠዋቱ ሁለት ማንኪያ ብትወስጂ ስኳሩ ይጠፋል።

መልስ 4፦ ባለብስክሌቱ

ወንድሜ ጥቁር አዝሙድ፣ ስኳርን በማር ማከም እሳትን በጋዝ ማጥፋት ነው። ነጭ ቢሆንም ማር ነው።

እህቴ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት 118 ነበርሁ፣ ባለፈው ወር 101። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ከ3,200 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሡት ወደ ስኳር የማለፍ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ነርስ ናት፤ ሰባት በመቶ ለእኔ ስድስት ኪሎ ነበር፣ ከ84 ወደ 78።

ብስክሌቴን ከግድግዳው አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ጣና ዳር እነዳለሁ፤ ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ጉልበት ለሌለው ሰው የተሠራች ናት። ከእራት በኋላም ቁጭ አልልም። ሦስት እንጀራ የነበረው አንድ ሆነ፤ ጎመኑና ምስሩ ቦታውን ያዘ። ቀረሶ ዓሣ እወዳለሁ፣ አሁን የምበላው ግን ተጠብሶ ሳይሆን በወጥ ነው። ቡናዬ ላይ ያለው ሦስት ማንኪያ ስኳር ለመውጣት አራት ወር ፈጀ፤ ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነው። ከጾም ይልቅ የጎዳኝ ማፍጠሪያው ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሼ የሦስት ሰው ምሳ እበላ ነበር። የቤተ ዘመድ ጠላን ነገር ተዉት፤ እርሱን ገና አልተውሁም።

መልስ 5፦ የሽምብጥ ልጅ

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። ለወንዶችስ ቴስቶስትሮን የሚሉት የወንድነት ሆርሞን ሲያንስ ስኳር ያመጣል ይባላል፤ መርፌው ይረዳል?

መልስ 6፦ ጤና መኮንን

ቦርጭ ቴስቶስትሮንን ያወርዳል፣ ማነሱም ከስኳር ጋር አብሮ ይሄዳል። በአውስትራሊያ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ወንዶች ላይ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ መርፌው ሲጨመር ከሁለት ዓመት በኋላ ስኳር የተገኘባቸው ከ21 ወደ 12 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። ነገር ግን መርፌውን ከወሰዱት ከአምስቱ አንዱ ላይ ደሙ ከልክ በላይ ወፍሯል። በራስ ፈቃድ የሚወጉት ነገር አይደለም፤ ባለብስክሌቱን ይከተሉ።

ጠያቂ፦ መምህርቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኔም እንደ እናቴ ከገበያ በጆንያ የሚሸጠውን ጥሬ ጨው ነው የምገዛው። ይህስ?

መልስ 7፦ ከላብራቶሪ

ደግ አስታወሱ። የእናትዎ እንቅርት መነሻው የአዮዲን እጥረት ሳይሆን አይቀርም፤ በደጋው ጎጃም የተለመደ ነበር። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ይግዙ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። የአዮዲን ክኒን ግን አይዋጡ፤ ብዛቱም እጢውን ያውከዋል።

ጠያቂ፦ መምህርቷ (ከሦስት ወር በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ቲኤስኤች 4.9፣ ስኳሩ በባዶ ሆድ 106፣ ክብደቴ በአራት ኪሎ ቀንሷል። ክኒን አልታዘዘልኝም፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግሬ ነው የምመለሰው፤ ባጃጅ ነጂዎቹ «መምህርት፣ ተጣላን እንዴ?» ይሉኛል። ጋቢዬን ግን ገና አላወለቅሁም።