ደብል መስታወት፦ አርጎን ወይስ አየር? ማርቆስ የሚሠራ ጠቁሙኝ

የማርቆሱ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ማርቆስ ቤት እየጨረስኩ ነው፤ የመኝታ ክፍሎቹን መስኮት ደብል መስታወት ላደርግ አስቤያለሁ። አንዱ አሉሚኒየም ቤት «መሀሉ አርጎን ጋዝ አለው» ብሎ ዋጋ ሰቀለብኝ። ሌላው «አየር ይበቃል» አለኝ። ያሠራችሁ ጠቁሙኝ።

ጮቄ፦ ጋቢ እያለ በጋዝ? ሀብታም ሆነናል በሉኛ 😂

የቡሬዋ፦ ወንድሜ፣ እኔን ያየ ይቀጣ። ክረምቱ ሳይወጣ በሁለቱ መስታወት መሀል ጉም ገባ። ከውስጥ ብወለውል ከውጭ ብወለውል ወይ ፍንክች። ብደውልለት «መጋረጃ ይጋርዱበት» አይለኝም!

ዳሞት፦ ውይ! ገንዘብሽን መለሰልሽ?

የቡሬዋ፦ የምን መመለስ፤ ስልኬንም ዘጋው።

ጣና ዳር፦ ባሕር ዳር እኛ ሰፈር ያለውን ልጅ የሚያህል የለም። አጎቴም እሱ ጋ ነው ያሠራው።

ዳሞት፦ ደብል ነው?

ጣና ዳር፦ ነጠላ ነው፤ ግን እጁ ወርቅ ነው።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ በመስታወቶቹ ጠርዝ የሚዞረው ክፈፍ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር አለ፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደሚገኘው ዓይነት። ማሸጊያው ከከፈተ ጠጠሩ ይጠግብና ጉም ይይዛል። ጋዝ ከነበረውም ወጥቷል።

ጠያቂው፣ አርጎን ሙቀት የሚያስተላልፈው የአየርን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ነጋዴው አልዋሸም። ክሪፕተን የሚባለው ጋዝ ከአርጎንም የተሻለ ብርድ ይከላከላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። በመስታወቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በ6 ሚሊ ሜትር ብዙ አትጠብቅ። ዋናው ጥያቄ የት ነው የታሸገው የሚለው ነው። ቆላ ታሽጎ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ መስታወቱ ይነፋል፤ ጠርዙ ይጨነቃል። አንዳንድ ፋብሪካ የውስጡና የውጭው ግፊት እንዲስተካከል ብሎ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ቱቦው ክፍት ከቀረ ግን አርጎኑም በዚያው ይሄዳል፤ የከፈልከው ለአየር ነው። ፍሬሙንም እይ፤ መሀሉ ፕላስቲክ የሌለው አሉሚኒየም ብርዱን ዝም ብሎ ያሳልፋል።

ዳሞት፦ ቤቴ አስፋልት ዳር ነው። የሲኖትራክ ድምፅስ ይቀንሳል?

መሐንዲሱ፦ ለድምፅ አርጎን ይህን ያህል ለውጥ የለውም። አንዱን መስታወት ወፈር አድርገው።

ጮቄ፦ ወይ ሲኖትራኩን አርጎን ሙላው።

የቡሬዋ፦ የኔም ጠርዙ ላይ ቀጭን ነገር ነበረው! ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጌጥ ነው» ብሎኛል።

የማርቆሱ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እግረ መንገዴን፣ ለውጭ በር ላሜራ ይሻላል እንጨት?

ጣና ዳር፦ በርም ይሠራል እኮ ያ ልጅ።