ከዓለም ጥፋት በኋላ ያለውን ሕይወት ከሚያሳዩ የ1980ዎቹ ፊልሞች የትኞቹን ለጎረቤት እናሳይ?

ነዋሪ ዘየካ አባዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች፣ ለልቅሶና ለሠርግ ብቻ ይከፈት የነበረውን ኮሚናል ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ፊልም ልናሳይበት ተስማምተናል። ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ በውሰት ተገኝቷል፤ ፊልም የመምረጡ ኃላፊነት ግን በእኔ ላይ ወድቋል። ለመጀመሪያው ወር አራት ፊልሞችን በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ለማሳየት አስቤአለሁ። ጉዳዩ ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉት ሰዎች እንዴት ይኖራሉ የሚለው ሲሆን፣ ዘመኑ የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ ስንመልሰው አሥሩም ዓመት በደርግ ዘመን ውስጥ ይወድቃል።)

ይህን ዘመን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት የኑክሌር ሚሳይል አነጣጥረው የተፋጠጡበት ጊዜ ስለነበር፣ ፊልም ሠሪዎቹ ይቀርጹ የነበረው ነገ ጠዋት ሊደርስ ይችላል ብለው የሚፈሩትን ነገር ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ተሠርተው የሚፈርሱት ከተሞች ሲታዩ ያምራሉ፤ ሆድ ግን አያባቡም።

ሁለት ታዋቂ ፊልሞችን ከወዲሁ ትቻለሁ። «ተርሚኔተር» (1984) የብዙዎቻችን የቪዲዮ ቤት ትዝታ ቢሆንም፣ የፈረሰው ዓለም የሚታየው በ2029 በሚካሄዱ አጫጭር ትዕይንቶች ብቻ ነው፤ የቀረው ታሪክ ገና ደኅና በሆነችው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚደረግ አባሮሽ ነው። «ኤስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ» (1981) ውስጥም አንዲት ደሴት ወደ እስር ቤት ተለወጠች እንጂ ዓለም አልጠፋችም። በመጀመሪያው ውሳኔዬ የሚቀየሙኝ ጎረቤቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

የእኔ ዝንባሌ ወደ አኒሜሽኑ ነው። የላስቲክ ጭምብልና የካርቶን ፍርስራሽ ከአርባ ዓመት በኋላ ያስቃል፤ በእጅ የተሣለ ፍርስራሽ ግን ያኔም ሥዕል ነበር፣ ዛሬም ሥዕል ነው፤ የሚጋለጥ ማታለያ የለውም። ይህን አመለካከቴን የሚሞግት ቢገኝ ደስ ይለኛል። ስትመርጡልኝ ግን ሁለት ነገሮችን ከግምት አስገቡልኝ፦ ለአዋቂ ብቻ ብለን ብንለጥፍም ልጆች መግባታቸው አይቀርም፤ ከእናቶችና ከአባቶችም ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አይከተሉም።

የአቃቂ አትክልተኛ

ለጠያቂያችን፦ ወሩ በ«ናውሲካ» ይከፈት። የጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ አኒሜሽን ፊልም ነው፤ በ1984 ሲወጣ ስመ ጥሩ የአኒሜሽን ድርጅቱ ስቱዲዮ ጊብሊ ገና አልተመሠረተም ነበር፤ የተቋቋመው በቀጣዩ ዓመት፣ የዚህን ፊልም ስኬት ተከትሎ ነው። ታሪኩ ከ1982 ጀምሮ በጃፓን መጽሔት ላይ በተከታታይ የሥዕል ትረካ መልክ ይወጣ ነበር፤ ሚያዛኪ የጨረሰው በ1994 በመሆኑ፣ ፊልሙ የያዘው የትረካውን መጀመሪያ ብቻ ነው።

«ሰባቱ የእሳት ቀናት» የተባለ ጦርነት ሥልጣኔን ካወደመ ከሺህ ዓመት በኋላ፣ አየሩ የሚገድል የሻጋታ ደን ምድርን እየወረሳት ነው። ሰው ያለ ጭምብል ሊገባበት አይችልም፤ ግዙፍ ነፍሳትም ይጠብቁታል። ጉልበት ያላቸው መንግሥታት ደኑን ማቃጠል ይሻሉ። የአንዲት ትንሽ ሸለቆ ልዕልት የሆነችው ናውሲካ ግን ከደኑ የለቀመችውን ዘር በምድር ቤት ደብቃ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በወጣ ንጹሕ ውኃና አፈር ስታሳድገው፣ ተክሉ መርዝ የሌለው ሆኖ ያብባል። መርዙ የቀደሙት ሰዎች በበከሉት አፈር ውስጥ እንዳለ፣ ደኑም ያንኑ መርዝ እየመጠጠ ምድርን እያጠራ እንደሆነ ቀስ በቀስ ትረዳለች። ሚያዛኪ ለዚህ ሐሳብ የጃፓኑን የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ በመነሻነት ጠቅሷል። በዚያ ከፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሰዎችን ከመረዘ በኋላ ማጥመድ ስለተቋረጠ፣ ዓሣው በተበከለው ውኃ ውስጥ ተመልሶ መብዛቱ አስደንቆት ነበር።

በአቃቂ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። ከፋብሪካውም ከመኖሪያ ቤቱም የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይገባል፤ በዚያው ውኃ የለማ ሰላጣና ጎመን ወደ ከተማው ገበያ ይጓዛል። የከተማው ሰው ጎመኑን ይወቅሳል፤ ፊልሙ ግን ጥያቄውን ወደ ውኃውና ወደ አፈሩ፣ ከዚያም አልፎ ወደ በከለው ሰው ይመልሰዋል። በእኔ እምነት ከዚህ ዘመን የጥፋት ፊልሞች ሁሉ ምድርን እንደ ፍርስራሽ ብቻ ያላየው እርሱ ነው።

ስለ አሣሣሉም አንድ ነገር ልጨምር። ኦሙ የሚባሉት ግዙፍ ነፍሳት ሲሳቡ የጀርባቸው ቅርፊት አንዱ በሌላው ሥር እየገባ የሚወጣው፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተሥሎና ተቆርጦ፣ በላስቲክ ተያይዞ እየተሳበ በመቀረጹ ነው። ላስቲክ ሁሉ አያስቅም ማለት ነው።

ሲያወርዱ ግን ይጠንቀቁ። በ1985 «ዎሪየርስ ኦፍ ዘ ዊንድ» በሚል ስም ለአሜሪካ የተዘጋጀ ቅጂ አለ፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ ተቆርጦለት፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም ተለውጦ፣ ዋናው ቁም ነገር ተሸርሽሮ የቀረበ ነው። ሙሉው ፊልም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል፤ በዚህ ይለዩት።

መምህር ዘሰበታ

ለሁለታችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአኒሜሽኑ ብልጫ ግን አልስማማም። የላስቲክ ጭምብል የሚያስቀው ፊልሙ ጭምብል ያስፈለገው እንደሆነ ነው፤ ቢቢሲ በሴፕቴምበር 1984 ያሳየው «ትሬድስ» ግን ያስፈለገው ተራ ሰውና ተራ ከተማ ብቻ ነበር።

በባሪ ሃይንስ ተጽፎ በሚክ ጃክሰን የተዘጋጀው ይህ ፊልም በብረታ ብረት ሥራዋ በምትታወቀው የእንግሊዝ ከተማ በሼፊልድ ይካሄዳል። ለመጋባት የተሰናዱ ሁለት ወጣቶች የሚኖሩበትን ቤት ያሳድሳሉ፤ ራዲዮውና ቴሌቪዥኑ በኢራን ስለተነሣው ቀውስ ያወራሉ፤ ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሌሎች ፊልሞች ቦምቡ በወደቀ ማግሥት ሲያበቁ ይህኛው ከአሥር ዓመት በላይ ይቀጥላል። ፀሐይ በጭስና በጥቀርሻ ተጋርዳ እህል ይከሽፋል፤ ነዳጅና ማዳበሪያ ስለሌለ ሰው በእጁ ይቆፍራል፤ ከጥፋቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች አንደበታቸው ተሰባብሮ በጥቂት ቃላት ብቻ ይግባባሉ። የከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ፣ ሌሎችን ሊያድን የተሰየመው ማለቴ ነው፣ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ፍርስራሽ ተደርምሶበት ያልቃል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ካርል ሴጋንና ባልደረቦቹ ስለ ኑክሌር ክረምት (ከኑክሌር ጦርነት የሚነሣ ጭስ ፀሐይን ጋርዶ ስለሚያመጣው ብርድ) ጥናታቸውን ያሳተሙት በ1983 መጨረሻ ስለነበር፣ ሳይንሱ ገና ትኩስ ሳለ ነው ወደዚህ ፊልም የገባው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1983፣ የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ዘ ደይ አፍተር»ን አሳይቶ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቶታል። ፕሬዚዳንት ሬጋንም አስቀድመው አይተው መንፈሳቸው ክፉኛ እንደተደቆሰ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። ታሪካዊ ክብደቱ ስለዚህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በመሐሉ አንድ ደግ ሐኪም አለና ተመልካቹ የሚደገፍበት ትከሻ አያጣም፤ «ትሬድስ» ያንን ትከሻ ነፍጎናል፤ ብርታቱም በዚህ ነው።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ኮንስታንቲን ሎፑሻንስኪ በ1986 የሠራው፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከሞተ ሰው የተላኩ ደብዳቤዎች» የሚሆነው የሶቭየት ፊልም አለ። አንድ አዛውንት ሳይንቲስት በፈረሰ ቤተ መዘክር ሥር ተጠልሎ፣ ይኑር አይኑር ለማያውቀው ልጁ ደብዳቤ ይጽፋል። ፊልሙ የወጣው የቼርኖቤል አደጋ በደረሰበት በዚያው ዓመት በመሆኑ፣ በቢጫ ብርሃን የተነከረው ምስሉ ለሶቭየት ተመልካች ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያዳግትም።

እነዚህን ሁሉ የጠቀስሁት ጠያቂው ሙግት ስለጠየቁ ነው። ልጆች በሚገቡበት ኮሚናል ውስጥ «ትሬድስ»ን ማሳየት ግን ነውር ነው፤ ለአዋቂም ቢሆን እራት ከመብላቱ በፊት እንጂ በኋላ አይመከርም።

ሾፌሩ ዘለገጣፎ

ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ሰው በበረሃ ለነዳጅ የሚገዳደልበት «ማድ ማክስ 2» (1981) እስካሁን አለመነሣቱ ገርሞኛል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት ሐኪም ነበረ፤ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎችን ሲያክም ያየው ነገር በሥራው ላይ አሻራውን አሳርፏል። በ1979 ለወጣው የመጀመሪያው ክፍል መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱም የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ሲሆን፣ አውስትራሊያውያን ታንካቸውን ለመሙላት ሲሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄዱ ያየ ጸሐፊ ነው ድርሰቱ ላይ የተሳተፈው። ከሌሊት ጀምሮ ማደያ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሾፌር ይህ ፊልም ስለ ሩቅ ዘመን ነው ብሎ አይታለልም።

ጠያቂያችን የካርቶን ፍርስራሽ ያሉትም እዚህ አይሠራም። በብሮከን ሂል አካባቢ በረሃ ውስጥ የተቀረጸው መኪና መኪና ነው፤ ግጭቱም ግጭት ነው፤ አንደኛው የአደጋ ትዕይንት ሠሪ በእውን የተጎዳበት ቅጽበት በፊልሙ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ዋናው ሰውዬ ቁጥብ አንደበት ስላለው ሰብታይትሉም ብዙ አያስጨንቅም። መጀመሪያው አካባቢ ሽፍቶቹ ሴት የሚደፍሩበት፣ ከሩቅ በመነጽር የሚታይ ትዕይንት አለ፤ እሱን መዝለል ግድ ነው። የ1985ቱን ሦስተኛ ክፍል ተዉት፤ ቲና ተርነር የምትገዛው ከተማ በአሳማ ፋንድያ ጋዝ መንቀሳቀሱ ብቻ ነው ደስ የሚለኝ።

ሠዓሊ ዘኮዬ ፈጬ

«አኪራ»ን ሳልጠቅስ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። ካትሱሂሮ ኦቶሞ በ1988 ባወጣው በዚህ ፊልም ከ160,000 በላይ የሥዕል ሉሆች ተሠርተዋል፤ በጃፓን ድምፅ የሚቀዳው በአብዛኛው ከሥዕሉ በኋላ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ንግግሩ አስቀድሞ ተቀድቶ ከንፈር በድምፁ ልክ ተሥሏል። በታሪኩ ቶኪዮ በ1988 ወድማ በ2019 በፍርስራሿ ጎን ሌላ ከተማ ቆማለች፤ ለ2020 ኦሊምፒክ የሚገነባው ስታዲየምም ገና አልተጠናቀቀም። መስኮት ያልገባላቸው ሕንፃዎች መሐል ለምንኖር ለእኛ ከተማው አዲስ አይሆንብንም። ሆኖም ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች በተሰበሰቡበት አይታሰብም።

ለእናቶችና ለአባቶች የምመርጠው ሌላ ነው። በሬይመንድ ብሪግስ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በጂሚ ሙራካሚ የተዘጋጀው «ዌን ዘ ዊንድ ብሎውስ» (1986) በገጠር የሚኖሩ የጡረተኛ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ጄምስና ሂልዳ መንግሥት ባወጣው በራሪ ጽሑፍ መሠረት በሮቹን ነቅለው በ60 ዲግሪ ግድግዳ ላይ በማስደገፍ መጠለያ ይሠራሉ፤ መስኮቱን ነጭ ይቀባሉ፤ የቀድሞውን ጦርነት እያስታወሱ «እነርሱ ያውቁበታል» በሚል መንፈስ ይጠብቃሉ። ጨረሩ ሰውነታቸውን እየበላው እንኳ ሻይ ስለማፍላት ይጨነቃሉ። መምህር በ«ትሬድስ» ያደነቁት ትከሻ መንፈግ እዚህም አለ፤ የሚነፈገው ግን በለሰለሰ እጅ ነው። ሰዎቹ ተሥለዋል፤ ቤታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእውን የተሠራ ትንሽ ሞዴል ነው። ስለዚህ የሥዕልና የተዋናይ ክርክራችንን መሐል ላይ ያገናኘዋል።

ሰብታይትልን በተመለከተም መላ አለ። አንደኛ፣ ፈረንሳዊው ሉክ ቤሶን በ1983 በጥቁርና ነጭ የሠራው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ለ ደርኒዬ ኮምባ» ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጥፋቱ የተረፉት ሰዎች የመናገር ችሎታቸውን አጥተዋል። የአባዶ እናቶች ከፓሪስ ተመልካች እኩል ይከታተሉታል፤ ጠብ ስላለበት ግን ትንንሾቹን ቀድማችሁ ወደ ቤት ስደዱ። ሁለተኛ፣ የጄምስና የሂልዳ ፊልም ከሞላ ጎደል ሁለት ተናጋሪ ብቻ ስላለው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ንግግሩን በአማርኛ ጽፋችሁ ብትሰጧቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በማጉያ እዚያው ሊያነቡት ይችላሉ።

ነዋሪ ዘየካ አባዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወሩ በ«ናውሲካ» ይከፈታል፤ ሁለተኛው ሳምንት የተጠቀሰው ትዕይንት ተዘልሎ «ማድ ማክስ 2»፣ ሦስተኛው የቤሶን ፊልም፣ አራተኛው የጄምስና የሂልዳ ይሆናል። በተዋናይ ከተሠሩት ሁለቱ መግባታቸውን መምህር ልብ እንዲሉልኝ እሻለሁ፤ ሆኖም ከአራቱ ሕፃን አዋቂ ሳንለይ የምናሳያቸው ሁለቱ፣ የመክፈቻውና የመዝጊያው፣ በሥዕል የተሠሩት በመሆናቸው ከአቋሜ አልተነቃነቅሁም። «ትሬድስ»ን ለብቻዬ አየዋለሁ፤ ከእራት በፊት።

የንባቡን ሐሳብ ወደድነው። ከእኛ ብሎክ አንድ ጡረተኛ ጋሼና ባለቤታቸው ለማንበብ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ትርጉሙንም ከልጃቸው ጋር ጀምረናል። ጋሼ የግንባታ ባለሙያ ስለነበሩ፣ በ60 ዲግሪ የተደገፈ የእንጨት በር ማንንም እንደማያድን ለማስረዳት ንባቡን ደጋግመው እያቋረጡ አስቸግረውናል። እትዬ ደግሞ «ዝም ብለህ የተጻፈልህን አንብብ» እያሉ ነው፤ ይህም በጽሑፉ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ገና አልወሰንንም።