ክርክር፦ የጥንቱን ዘመን ታሪክ በስትራቴጂ ጌም ማስተማር ይገባል?

ካርታ ወዳድ፦
ጥያቄዬን በቀጥታ ላቅርብ። እንደ ሮም ቶታል ዋር ያሉ በጥንቱ ዓለም ላይ የተሠሩ የስትራቴጂ ጌሞች (ተጫዋቹ አገርና ጦር የሚመራባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች) ታሪክ ለማስተማር ክፍል ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ? እኔ ይግቡ ባይ ነኝ። (ዘመናዊ መሆናቸው ግልጽ ከሆኑት በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ተማሪ እያለሁ የሮም ተቀናቃኝ የነበረችው የሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ የጦር መሪ ሐኒባል በ218 የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ ኢጣሊያ ገባ የሚለውን ሸምድጄ ለፈተና ጽፌያለሁ። ለምን በመርከብ አልሄደም ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የገባኝ ካርቴጅን ይዤ ስጫወት ነው። ጦሬን መርከብ ላይ ጭኜ ወደ ኢጣሊያ ስልክ የሮም መርከቦች ባሕር ላይ አገኙት፣ አንድ ሙሉ ጦር ከነአዛዡ በአንድ ዙር ሰጠመ። ከዚያ ካርታው ላይ አፍጥጬ በእስፔን በኩል ያለውን የየብስ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ። ካርቴጅ ከ264 እስከ 241 ከሮም ጋር ባካሄደችው የመጀመሪያው የፑኒክ ጦርነት የባሕር የበላይነቷን እንዳጣች መጽሐፉ ላይ ነበረ። አንብቤዋለሁም። ሁለቱን ነገር አገናኝቼ ግን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የማስጠናቸው ልጆች አሉ፣ ይህንን ስሜት እንዲያገኙት እፈልጋለሁ።

መምህርቷ፦
ታሪክ አስተምራለሁ፣ ጌሙንም ተጫውቼዋለሁ፣ ስለዚህ ሳላውቀው አይደለም የምቃወመው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሮም ቶታል ዋር ከፍተህ ግብፅን ምረጥ። ጨዋታው የሚጀምረው በ270 ነው። በዚያ ጊዜ ግብፅን የሚገዛው ዳግማዊ ቶሎሚ ነበር። ዘሩ የመቄዶንያ፣ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ግሪክኛ፣ የጦሩም መሠረት ረጃጅም ጦር ይዞ ተጠጋግቶ የሚሰለፍ እግረኛ ነው። ጌሙ የሚያሳይህ ግን የጥንቱን ፈርዖን የራምሴስን ዘመን ሠረገላና አለባበስ ነው። የአንድ ሺህ ዓመት ስህተት! እኔ ሰሌዳ ላይ አስር ጊዜ ብጽፍም ልጁ አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ያ ሥዕል ነው። ዐይን ያየውን ጆሮ አያስጥለውም።

የድሮ ተጫዋች፦
እህቴ፣ የግብፁ ነገር እውነት ነው፣ ማንም አይከራከርሽም። ግን ያንን ስህተት አጥብቀው የተቃወሙት ራሳቸው ተጫዋቾች መሆናቸውን እንዳትረሺ። ዩሮፓ ባርባሮረም የተባለው ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ጌሙን ቀይረው የሠሩት እትም) የተሠራው በዚህ ቁጭት ነው። ያለ ክፍያ፣ በበጎ ፈቃደኞች። መነሻ ዓመቱን 272 አደረጉት፣ የየሕዝቡን ወታደሮች በየራሳቸው ቋንቋ ሰየሟቸው፣ ለእያንዳንዱ ወታደር ረጅም ማብራሪያ ጻፉለት። እኔ በእስያ ስለገዙት ስለ ሴሌውኪዶች የማውቀው ሁሉ ከዚያ የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ሁለተኛው ሮም ቶታል ዋርም ግብፅን የቶሎሚዎች መንግሥት አድርጎ ነው ያቀረባት።

ደግሞ ውሸት የሚመስለው ሁሉ ውሸት አይደለም። በእሳት የተያያዙ አሳማዎችን ዝሆን ላይ መልቀቅ ጌሙ ላይ አለ፣ ብዙ ሰው ፈጠራ ይመስለዋል። የግሪኳ ከተማ የሜጋራ ሰዎች ግን የመቄዶንያው ንጉሥ አንቲጎኖስ በዝሆን ሲከብባቸው ይህንኑ እንዳደረጉ የጥንት ጸሐፊዎች ጽፈውታል። እኔ ሄጄ ያነበብኩት ጌሙ ስላስገረመኝ ነው።

ወላጅ፦
የኔ ስጋት ሌላ ነው፣ ጊዜ። አንድ ዘመቻ ለመጨረስ አሥርና ሃያ ሰዓት አልፎ ይሄዳል። የትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚበቃው? ልጄ አንዴ ከተቀመጠ «አንድ ዙር ብቻ» እያለ ነው የሚያመሸው።

ካርታ ወዳድ፦
ሙሉ ዘመቻ ማጫወት አያስፈልግም ወላጅ። አንድ ጦርነት፣ አንድ ውሳኔ ይበቃል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ታይም ኮማንደርስ በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም የዚህንኑ ጌም ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) ተጠቅሞ ተራ ሰዎችን የጥንት ውጊያዎች እንዲመሩ አድርጓል። አንድ ውጊያ በአንድ ፕሮግራም ያልቃል።

ነገር ቆጣሪ፦
ሁላችሁም ስለ ልብስና ስለ ሠረገላ ነው የምታወሩት። ልብስ ይስተካከላል። እኔን የሚያሳስበኝ ጌሙ የተሠራበት ሕግ ነው፣ እሱን ልጅ አያየውም።

በኢጣሊያ የተደረገውን የካኔን ውጊያ ውሰዱ። በ216 ሐኒባል ከራሱ በቁጥር የሚበልጥ የሮም ጦር ከብቦ ፈጀ። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የሟቾቹን ቁጥር 48,000 ገደማ ያደርሰዋል፣ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ደግሞ ከዚያም ያስበልጣል። ጌም ላይ እንዲህ ያለ ድል ካገኘህ አለቀ፣ የጠላት ከተሞች ባዶ ናቸው፣ በጥቂት ዙር ሮምን ትይዛለህ። በታሪክ ግን ሮም እርቅ አልጠየቀችም። ምርኮኞቿን በገንዘብ ለማስለቀቅ እንኳ እምቢ አለች፣ 8,000 ባሪያዎች በመንግሥት ገንዘብ ገዝታ አስታጠቀች፣ ከዚያም 15 ዓመት ተዋግታ አሸነፈች። እንዴት ቻለች? ከሐኒባል በፊት በ225 ሮምና የኢጣሊያ አጋሮቿ ሊያሰልፉ የሚችሉትን ፖሊቢየስ ከ700,000 በላይ እግረኛና 70,000 ፈረሰኛ ብሎ ይቆጥረዋል። የሮም ጉልበት በአጋሮቿ ላይ ነበር። በ2004ቱ ጌም ወታደር የሚመለመለው ከራስህ ከተማ ሕዝብ ነው፣ ያ የአጋርነት ሥርዓት ጭራሽ የለም። ታዲያ ልጁ ሐኒባል ለምን እንደተሸነፈ ከየት ይማራል?

ሌላም አለ። ተጫዋቹ ሜዳውን ከላይ ሆኖ ያያል፣ ትእዛዙ ወዲያው ይደርሳል፣ ከተሸነፈ ሴቭ ያደረገውን መልሶ ይከፍታል። እውነተኛው አዛዥ አቧራ ውስጥ ነበር። ካኔ ላይ የሞተው ቆንስል (የሮም ከፍተኛ ሹምና የጦር አዛዥ) ኤሚሊየስ ጳውሎስ ድጋሚ የመጀመር ዕድል አልነበረውም።

የድሮ ተጫዋች፦
ይሄ ጠንካራ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ልብ በል፣ አሁን የጻፍከውን ያወቅኸው ጌሙ ላይ የሚያሸንፈው ሐኒባል በታሪኩ ሳያሸንፍ ሲቀር ልዩነቱን ስላየህ ነው። ያ ክፍተት ራሱ ትምህርት አይሆንም?

መምህርቷ፦
ለሚያነብ ሰው ይሆናል። ለማያነብስ? እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝን አሁን ልናገር፣ የግብፁ ነገር መግቢያ ነበር። ከተማ ስትይዙ ጌሙ ሦስት ምርጫ ያቀርብላችኋል። መያዝ፣ ሕዝቡን ባሪያ ማድረግ፣ ሕዝቡን መጨረስ። ሩቅ ያለችና የምታስቸግር ከተማ ከሆነች ሦስተኛውን መጫን ያዋጣል። ገንዘብ ታገኛላችሁ፣ ሕዝቡ ስለሚያንስ አመፁም ይቀንሳል። እኔ ራሴ ተጭኜዋለሁ። ሳላስብ፣ ሻዬን እየጠጣሁ። በነጋታው ክፍል ገብቼ በ167 የሮም ጦር በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ባለችው በኤጲሮስ 70 ከተሞች ዘርፎ 150,000 ሰው ለባርነት ስለመሸጡ ሳስተምር ድምፄ ተያዘ። ያ ሕዝብ እናት አለው፣ ልጅ አለው፣ ጌሙ ላይ ግን ከቁጥር ላይ የሚቀነስ ቁጥር ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጨረስ ያዋጣል ብሎ የሚሸልም ነገር አስተማሪ ብዬ ልሰጠው አልችልም።

ወላጅ፦
እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ልጄ ምን እየመረጠ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ነገር ቆጣሪ፦
እዚህ ላይ ግን ከመምህርቷ በከፊል እለያለሁ። የመጨረስ ቁልፉን ከጌሙ ማጥፋት የባሰ ነው። ጦርነቱን አስቀርተህ ድሉን ብቻ ካሳየህ ሮም በሰላም ያደገች ትመስላለች። ካርቴጅ በ146 ስትወድቅ ከተረፉት 50,000 ያህሉ ተሸጡ፣ ከተማዋም ተቃጠለች። ጌሙ ባያሳየው ነበር ውሸቱ።

መምህርቷ፦
ያሳይ። የምቃወመው ሽልማቱን ነው። ገንዘቡን የሚቆጥርለት አለ፣ የሞተውን የሚቆጥርለት ግን የለም።

ካርታ ወዳድ፦
መምህርት፣ ይህን ስጽፍ ቆይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜም አጥፍቼዋለሁ። እኔም ያንን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት ማስታወስ አልችልም፣ መርከቤ የሰጠመበትን ዙር ግን እስከዛሬ አስታውሳለሁ። የኔ ወታደሮች ሲሞቱ ተሰምቶኛል፣ የተያዘችው ከተማ ሰዎች ሲሞቱ ምንም። ይህንን አሁን ነው ያስተዋልኩት፣ ከብዶኛልም።

ማጫወቱን አልተውም። ግን እንዲህ አደርገዋለሁ። ካኔን ተጫውተው ሲያሸንፉ ኮምፒውተሩን አጠፋና ሮም አሁን ምን ታደርጋለች ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ ከዚያ ነገር ቆጣሪ የጻፈውን የ8,000ውን ባሪያ ነገር እናነባለን። ከተማ የሚያዝበትን ክፍል ደግሞ አብሬያቸው ካልተቀመጥኩ አይከፍቱትም።

መምህርቷ፦
ክፍሌ ውስጥ አላስገባውም፣ በዚህ አቋሜ እንዳለሁ ነኝ። አንተ ግን ካደረግከው ሦስቱ ቁልፎች ሲመጡ ቶሎ አትናገር። ኤጲሮስን አንብብላቸውና እጃቸው ማውሱ ላይ እያለ ጠብቅ። ማን ምን እንደተጫነ ሳይሆን ከመጫኑ በፊት ምን እንዳለ ጽፈህ አምጣልኝ።