ባትሪው አዲስ፣ ሬጉሌተሩም ተቀይሯል፤ ሞተሩ ግን ባትሪ አይሞላም

ሐዋሳ_150

ሰላም ወንድሞች። 150 ሲሲ የቻይና ሞተር ነው። ከማግኔቱ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) ሦስት ቢጫ ገመድ ይወጣል፣ ባትሪው 12 ቮልት ባለ 7 አምፒር ሰዓት ነው። ማታ መብራት እየበራ ከተነዳ ጠዋት ሞተሪኖው (በባትሪ የሚሠራው ማስነሻ) አይዞርም፣ በፔዳል ነው የሚነሳው። ባትሪም ሬጉሌተርም (የማግኔቱን ኤሌክትሪክ መጥኖ ወደ ባትሪ የሚልከው ዕቃ) ተቀይሮ ለውጥ የለም። ባትሪው ላይ የለካሁት ቮልት ይህን ይመስላል፦ በቻርጀር ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.7፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) 12.5፣ በደቂቃ 5000 ዙር መብራት ሳይበራ 13.0፣ ባለ 35 ዋቱ የፊት መብራት ሲበራ 12.6። ጋራዥ «ኮይሉ (ማግኔቱ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል፣ እንደ አዲስ ይጠቅለል» አሉኝ። ከማስከፈቴ በፊት ምን ልለካ?

ቴስተር_ይዳኝ

ወንድሜ፣ ኮይል ሳይለካ አይጠቀለልም። ለመለካት ደግሞ ምንም መክፈት አያስፈልግም፤ ቢጫዎቹ ሬጉሌተሩ ጋ የሚገናኙበትን ሶኬት መንቀል ይበቃል። ስትነቅለው መጀመሪያ በዓይንህ እየው። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም ከቀለጠ እዚያ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ቴስተሩን ኦም 200 ላይ አድርገውና ሁለቱን ጫፎች አነካካቸው። የሚያሳየው ቁጥር (ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.3) የቴስተሩ የራሱ ገመድ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሰው። ከዚያ ቢጫዎቹን ሁለት ሁለቱን ለካ። ከ0.2 እስከ 1 ኦም አካባቢ፣ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። ቀጥለህ እያንዳንዱን ቢጫ ከሞተሩ አካል ጋር ለካ፤ እዚህ ላይ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ኮይሉ ብረት ነክቷል፣ መጠቅለሉ አይቀርም።

አሁን ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ ባትሪው ግን እንደታሰረ ሞተሩን አስነሳ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት 200 ላይ አድርገህ በ5000 ዙር ሦስቱን ጥንድ ለካ። በዚህ ዓይነት ሞተር 50 እና ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው እኩል መሆናቸው ነው። ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ካለ ኮይሉ ውስጥ ሽቦ እርስ በርሱ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ድገመው፤ ቫርኒሹ የላላ ኮይል ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና፣ ሲሞቅ ብልሹ ሊሆን ይችላል። ጫፎቹን በእጅህ አትንካ፣ ይነዝራል።

ሶኬቱን መልሰህ ካሰርክ በኋላ ከሬጉሌተሩ መውጫ ላይ ቀዩንና (ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ የሚሄደውን) አረንጓዴውን (ወደ ኔጋቲቭ የሚሄደውን) በዲሲ ቮልት ለካ፤ ጫፉን ከሶኬቱ ጀርባ በኩል አስገባው። ባትሪው ላይ ካገኘኸው 13.0 ጋር አወዳድር።

አደራ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አውልቆ «ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል» የሚባለውን ሙከራ ማንም እንዳያደርግብህ። ባትሪው ሲለቀቅ ቮልቱ ዘሎ ሬጉሌተሩን፣ ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ወይም አምፖሎቹን ሊያቃጥል ይችላል።

ሐዋሳ_150

ለካሁ። ኦም፦ ሦስቱም 0.6 (ተቀንሶ)። ከአካል ጋር ምንም የለም። ኤሲ በ5000 ዙር 58፣ 59፣ 58፤ ሲሞቅም ያው ነው። ሬጉሌተሩ መውጫ ላይ 14.3! ባትሪው ላይ ግን 13.0። መብራት ሲበራ ሬጉሌተሩ ጋ 14.3፣ ባትሪው ጋ 12.6።

ሽቦና_ፊውዝ

ኮይሉ ጤነኛ ነው፣ ሬጉሌተሩም ሥራውን እየሠራ ነው። መብራት ሲበራ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ እየቀረብህ ነው። ሬጉሌተሩ የሚያየው የራሱን መውጫ ስለሆነ 14.3 ሲደርስ «ሞልቷል» ብሎ ይገታል፤ ባትሪው ጋ ምን እንደደረሰ አያውቅም። አዲስ ሬጉሌተር ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው። 4 አምፒር ቢያልፍ 1.7 በ4 ወደ 7 ዋት ሙቀት ይሆናል፣ ያም አንድ የዛገ ግንኙነት ላይ ተሰብስቦ ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

ቦታውን በኦም አትፈልገው። ቴስተር የሚልከው ኩረንት ትንሽ ስለሆነ የላላ ሶኬት ደህና መስሎ ይታያል። መብራት አብርተህ በ5000 ዙር በዲሲ ቮልት አንዱን ጫፍ ሬጉሌተሩ ቀይ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.3 በላይ ካነበበ ጥፋቱ በቀዩ መስመር ነው። ከዚያ አረንጓዴውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ለካ። የሁለቱ ድምር 1.7 አካባቢ መምጣት አለበት። ቮልት የበላው መስመር ላይ ጫፉን እያቀረብክ ሂድ፦ ከሶኬቱ በፊትና በኋላ፣ ከፊውዙ በፊትና በኋላ፣ የሞተሪኖው ሪሌ (ኩረንቱን የሚያገናኝለት ማብሪያ) ጋ። ቁጥሩ በድንገት የሚወርድበት ቦታ ያ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፊውዙን ማቀፊያ ነው፤ ፊውዙ ደህና ሆኖ ማቀፊያው ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ይላላል። ሁለተኛ አረንጓዴው ሻሲ ላይ የታሰረበት ብሎን፤ ሥሩ ቀለም ወይም ዝገት ይኖራል።

የተቃጠለ ተርሚናል በመርጨትና በመፋቅ አይድንም። ሽቦው ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቁረጥና አዲስ ተርሚናል አስረህ ጨምቀው። መስመሩ በሙሉ የደከመ ከሆነ ከሬጉሌተሩ ቀይ በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ሳብ፣ ባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፒር ፊውዝ አስገባለት። ያለ ፊውዝ በፍጹም እንዳትስብ። ከአረንጓዴውም ወደ ኔጋቲቭ ሌላ ሽቦ ጨምር።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሬጉሌተራችሁ በቁልፉ በኩል የሚመጣ ተጨማሪ ጥቁር ገመድ ካለው ቮልቱን የሚያነበው በዚያ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቁልፉ ውስጥ የሚጠፋ ቮልት ተቃራኒውን ያመጣል፤ ባትሪው ላይ ከ15 በላይ ይወጣና ውሃውን ያፈላዋል።

ባትሪ_ቤት

መስመሩን ከሠራህ በኋላ በ5000 ዙር ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ማግኘት አለብህ፣ መብራት በርቶም ቢሆን ከ13.5 ባይወርድ ጥሩ ነው።

ባትሪውን ግን አትርሳው። ጎድሎ የሰነበተ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ አዲስ ቢሆንም አቅሙ ይቀንሳል። አውልቀህ በ0.7 አምፒር (የ7 አምፒር ሰዓት አንድ አሥረኛ) ሙላው። ለመኪና ባትሪ በተሠራ ትልቅ ቻርጀር በፍጥነት አታስሞላው፣ ሳህኑ ይጣመማል። ሞልቶ ለ12 ሰዓት ይረፍ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከያዘ ሞተሪኖውን እየተጫንክ ለካ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አብቅቶለታል። ውሃ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ በሁለቱ መስመር መካከል እስኪደርስ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምር። አሲድ አይጨመርም፣ የሚተነው ውሃው ነው።

ጂፒኤስ ወይም አላርም ካስገጠምክ ደግሞ ቁልፉ ተዘግቶ የሚፈሰውን ለካ። ኔጋቲቩን ፍታና ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገህ በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባ። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ አትጫን፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ምንም ተጨማሪ ዕቃ ከሌለ ዜሮ አካባቢ ነው የሚሆነው። 30 ሚሊአምፒር ካገኘህ በቀን 0.72 አምፒር ሰዓት ይወስዳል፤ ሞተሩ ሳይነዳ ከቆመ ሙሉ ባትሪ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ባዶ ይሆናል።